የድምቢጥ ወንበር

«አሥራ ሁለቱን ወንበሮች አውጪና ወለሉን ወልውዪው። የቀሩትን ደግሞ አራርቀሽ ደርድሪያቸው፣ ክፍተት እንዳይታይ» አለኝ ርዕሰ መምህሩ። የፈተናው ቀን ማለዳ ነው፤ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። አሥራ ሁለት የተፈታኝ ቁጥሮች በእስክሪብቶ የተጻፉባት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ። ወዲያው ስልኩ ጠራና ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። «አዎ ጌታዬ፣ እነሱ ከወጡ ሰባ እንገባለን። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ» ሲል ሰማሁት። ድምፁ የደስታ አልነበረም። ሲያመው የከረመ ጥርሱን አስነቅሎ የወጣ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

እዚህ ትምህርት ቤት በጽዳት ስሠራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ወንበር ማስገባትና ማስወጣት ለእኔ አዲስ ነገር ስላልሆነ ምንም አልጠየቅሁም። ወንበሮቹ ጠረጴዛቸው አብሮ የተበየደ የብረት ወንበሮች ናቸው፤ የጎተቷቸው እንደሆነ ወለሉን ስለሚቧጭሩት በዳሌ ደገፍ አድርጎ ማንሣት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ቀኝ ጥግ የተፈታኙ ቁጥርና ስም ተለጥፏል። ከወር በፊት ለሙከራ ፈተና ስንዘጋጅ እኔው ነኝ የለጠፍኩት። አሁን ደግሞ እኔው በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ በቢላዋ ጀርባ እፍቃለሁ። ቁራጯ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ፣ እፍቃለሁ፣ አነሣለሁ፣ አወጣለሁ። ስሙን አላይም። ቁጥር ቶሎ ይገባኛል፤ ስም ግን ፊደል በፊደል ስለምቆጥር ጊዜ ይወስድብኛል። ዘጠነኛው ላይ ጨርቁን ከማሳረፌ በፊት ዓይኔ ስሙ ላይ ወደቀ። ይህን ስም ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልገኝም። የእህቴ ልጅ ስም ነው።

ድምቢጥ የምንላት ስትወለድ እፍኝ ስለማትሞላ ነው። አሁን አሥራ አምስት ልትደፍን ነው፣ በቁመትም በልጣኛለች፤ ቅጽል ስሟ ግን በዚያው ቀረ። እናቷ ታናሽ እህቴ ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ወፍ ሳይንጫጫ ወጥታ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ነው የምትገባው። ስለዚህ የልጅቷ የትምህርት ቤት ነገር ሁሉ የእኔ ነው። የወላጅ ስብሰባ የምቀመጥ እኔ፣ ካርድ የምቀበል እኔ፣ የምፈርም እኔ። እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወገቧ አልቋል፣ የደከመው ሰው ደግሞ ነገር ያሳጥራል። አምና ድምቢጥ ስምንተኛ ክፍልን ስትወድቅ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ዘንድሮ ትድገም። ካለፈች ትማር፤ ካላለፈች ከእኔ ጎን አንድ መኪና አለ» አለች። መኪና የምትለው የስፌቱን ነው። አለቃዋን አናግራ ቦታ አስይዛላታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ ያነሣ ሰው የለም። ድምቢጥ የእናቷን ኮቴ ስትሰማ መጽሐፏን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ እናቷም አይታ እንዳላየች ጫማዋን ታወልቃለች። ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መጋረጃ ተከፍለን፣ ዝም እንባባላለን።

በትምህርት ቤቱ ደግሞ ዘንድሮ የሚወራው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። አምና አማካይ ውጤታችን ሃምሳ አንድ ሆኖ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጭራ ወጣን። ርዕሰ መምህሩ ወደ በላይ አለቆቹ ቢሮ ተጠርቶ ሄደና ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። በሳምንቱ ዋናው በር ላይ «ዘንድሮ ሰባ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ። አቧራውን የማራግፍለት እኔ ነኝ። ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር አማካይ፣ አማካይ ስለሚል ዘበኛው «አቶ አማካይ» የሚል ስም አወጣለት፤ አስተማሪዎቹም በሌለበት እንደዚያው ይጠሩት ጀመር። ልፋቱን ግን አልክድም። ቅዳሜም እሑድም ማጠናከሪያ ትምህርት ነበር፤ በር የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አስተማሪዎቹ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ነው ያስተማሩት። በየወሩ ሙከራ ፈተና ይሰጥና የልጆቹ ስም በሦስት ቀለም ተከፍሎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፦ አረንጓዴው የሚያልፍ፣ ቢጫው ከተገፋ የሚያልፍ፣ ቀዩ የማያልፍ። ድምቢጥ ቀይ ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ቀዮቹም የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። እያደር አስተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ቢጫዎቹ ዞሩና የቀዮቹን ክፍል ቁልፍ አምጪ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ጊዜው አጭር ነው፣ መገፋት ያለበት ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት የሚወጣው ነው ተባለ። እውነት ነው መሰለኝ፣ እኔም ያኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

አማካይ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳችኝ ድምቢጥ ናት። ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያጠብን ነበር። ሁለት ባልዲ አስጠግታ፣ ይኼኛው ሙሉ ነው፣ ይኼኛው ባዶ ነው፣ ሙሉውን ለሁለቱ እኩል ብናካፍለው ግማሽ ግማሽ ይደርሳቸዋል፣ አማካያቸው ግማሽ ነው አለችኝ። እኔም ለቀልድ፣ ባዶውን ባልዲ በር ኋላ ብደብቀውስ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «ያኔ አማካዩ ሙሉ ይሆናል። ግን እታለም፣ ውሃው እኮ አልጨመረም» አለች። እታለም የምትለኝ እኔን ነው፤ አፏን ስትፈታ ጀምሮ።

እና የስሟን ወረቀት ሳልቀድ አነሣሁት። ሽርጤ ኪስ ከትቼ፣ ወንበሩንም ከቀሩት ሦስቱ ጋር ኮሪደሩ ላይ አውጥቼ፣ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ሻይ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ አልጠጣውም፣ ቀዝቅዞ ጠርዙ ላይ ክብ ሠርቷል። ስህተት አለ ብዬ ነው የነገርኩት፤ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ገብቷል፣ የእኛዋ ልጅ ናት ብዬ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። ሻዩን አስቀምጦ መሳቢያውን ከፈተ፣ ወረቀቶች አገላበጠና አንዱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዙሮ አኖረው። ከታች በኩል ፊርማዬ አለ።

ፊርማዬ ከማንም ጋር አይምታታም። የጎልማሶች ትምህርት ስገባ ከሁሉ አስቀድሜ የተማርኩት እሱን ነው። ከዚያ በፊት ደመወዜን የምቀበለው አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ነበር፤ ቀለሙ ደግሞ ሁለት ቀን ጥፍሬ ሥር ይቆያል። ጭራው እንደ ወፍ ጅራት ወደ ላይ የሚቆለመም ፊርማ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሳለሁ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ወረቀቶች ይዞ መጣ። የበረኪናውን፣ የጓንቱን፣ የመወልወያውን መረከቢያ ፈረምኩ። «ይቺ ደግሞ የልጅቷ ናት እትዬ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት እንድታገኝ ነው» አለኝ። ወረቀቱ ገጹን የሞላ ነው፣ ጽሑፉም ደቃቅ። ላንብበው ብል ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። እሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሁለት ወጣት አስተማሪዎች ቆመዋል። በጣቴ ፊደል እየተከተልኩ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበ ሰው አንሸራትቼ ራሴን ነቀነቅሁና ፈረምኩ። ጭራውን እንኳ አሳምሬዋለሁ።

አሁን እሱ አነበበልኝ። ተማሪዋ ዝግጁ ስላልሆነች ዘንድሮ ለፈተና እንዳትቀርብ፣ በሚቀጥለው ዓመት በማጠናከሪያ ትምህርት ታግዛ እንድትፈተን ወላጅ በራሳቸው ፈቃድ ጠይቀዋል ይላል። ማጠናከሪያ የሚለው ቃል እውነትም አለበት። አልዋሸኝም። ፊርማዬን መልሻለሁ፣ ሰርዘው አልኩት። ስሟ ከዝርዝሩ ወጥቶ ከተላከ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ የጥያቄ ወረቀቱ በተፈታኝ ቁጥር ተቆጥሮና ታሽጎ እንደሚመጣ በቀስታ አስረዳኝ። ብፈልግ እንኳ ለእሷ የሚሆን አንድ ወረቀት በዚህ ግቢ ውስጥ የለም አለ። ደግሞም አሥራ ሁለቱ ልጆች ወደ ቤት አይመለሱም፤ ክፍል ጠበበ ተብለው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የአምናውን ጥያቄ ይሠራሉ። «አያውቁም። እንዳይከፋቸው ብለን ነው» አለኝ። ለከርሞ ከተላለፈች እኮ እናቷ ስፌት ታስገባታለች አልኩት። ጣቱን በሻዩ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ አሽከረከረ። «እኔም አለቃ አለኝ፣ እትዬ» አለ።

በረንዳው ላይ ዘበኛውን አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ወደ ከፍተኛው ቢሮ ሄጄ እጮኻለሁ አልኩት። «በገዛ ፊርማሽ ማንን ልትከሺ ነው? ፊርማ እኮ እንደ ጥፊ ነው፤ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው። ሲያየኝ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

እልኸኛ ነኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ይቺ ልጅ ከበቅሎ ጋር ብትከራከር በቅሎዋ ናት የምትለቅላት ትል ነበር። ወደ ክፍሉ ተመለስኩና ከኮሪደሩ ላይ ዘጠነኛውን ወንበር አንሥቼ ቦታው መለስኩት። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ፣ ጀርባውን ፈሳሽ ሳሙና ቀብቼ በቀኝ ጥጉ ለጠፍኩት። ሌሎቹን ትንሽ ትንሽ ገፋሁላቸው። ለምን እንዳደረግሁት አሁን ብትጠይቁኝ በቅጡ አላውቅም። ወንበሩ ካለ ወረቀትም ይገኛል ብዬ ያሰብኩ ይመስለኛል። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ሰሃን ይጨምር የለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፈታኙ ከሌላ ትምህርት ቤት መጣ፤ ቀጭን፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ወጣት፣ የታሸገውን ፖስታ እንደ ሕፃን ታቅፎ። ወንበሮቹን በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ፖስታው ላይ ሃያ ዘጠኝ ተጽፏል፣ ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ወንበር አለ። «እናቴ፣ አንዱን ያወጡልኛል? ቁጥሩ ካልገጠመ ማሸጊያውን መክፈት አልችልም» አለኝ በትሕትና። አንዱን የሚለው ማንኛውንም ነው፤ እኔ ግን የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና ሄጄ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የልጅ ወንበር ነው፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ብረት ጋር ተጋጨ፣ ሆዴ አልገባ ብሎ ጎን ለጎን ዞርኩ። ፈታኙ ፈገግ አለ፤ የደከመኝ መስሎታል። አልነሣም ስለው ፈገግታው ጠፋ። ሰዓቱን አየ። ሰው ጠራ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ መጥቶ ቆመና ያየኝ ጀመር።

ልጆቹ በረንዳው ላይ ተሰልፈው ነበር። ሃያ ዘጠኙ በአንድ በኩል፣ አሥራ ሁለቱ በሌላ በኩል፣ ሁለቱም ሰልፍ እርሳሱን ይዞ። በመስኮት አዩኝ። አንዱ እትዬም ሊፈተኑ ነው አለና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አልቆ መቁነጥነጥ መጣ፤ ሰዓቱ ለሦስት አምስት ጉዳይ፣ ለሦስት ሦስት ጉዳይ ሆነ። ሃያ ዘጠኝ ልጅ በእኔ ምክንያት ቆሟል። የእነሱም እናቶች እንቅልፍ አጥተው ሲያስጠኗቸው ከርመዋል፤ ይህን አላጣሁትም። ይሁን፣ ይቁሙ አልኩ በልቤ። ቢያንስ አንድ ሰው ወጥቶ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ። የጠየቀ የለም።

ድምቢጥ ከወዲያኛው ሰልፍ ወጥታ ገባች። ዩኒፎርሟን ሌሊት ፍራሽ ሥር አስተኝታው ስላደረች መስመሩ ቢላዋ መስሏል። ሁለት እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ እንዳይሰማባት በጆሮዬ ተናገረች።

«እታለም፣ ተነሺ በናትሽ። ሁሉም እያዩን ነው። ሰዓቱ ሄደብን እኮ።»

«ቦታሽ የት ነው?» አልኳት።

«ቤተ መጻሕፍት ነው አሉን፣ ክፍሉ ጠቦ። ይሻለናል፣ እዚያ ጸጥ ይላል። ተነሺ፣ አታሳፍሪኝ።»

ይህን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል፣ ግን ዝግጁ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ያልነበረ ነገር አለበት። አሁን ብነግራት ምን ይሆናል? ወረቀት የለም። ሰው ሁሉ ፊት ታለቅሳለች፣ ሃያ ዘጠኙም እያዩ ይፈተናሉ። መዳፌን ስሟ ላይ አሳረፍኩ። ሳሙናው ገና እርጥብ ስለነበር ወረቀቱ ሸርተት ብሎ እጄ ውስጥ ገባ፤ ሽርጤ ኪስ መለስኩት። ተነሣሁ። ወንበሩን ላወጣ ሳነሣው ድምቢጥ እርሳሶቿን አጠባብቃ በአንድ በኩል ያዘችልኝ። ሁለታችን ተጋግዘን አወጣነው። በሩ ላይ ርዕሰ መምህሩ መንገድ ለቀቀልን። እሷ ወንበሩን ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ከዚያ ወደ ሰልፏ ሮጠች።

የቀረውን ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት ስጠርግ ዋልኩ። ንጹሕ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። ከመስታወቱ ወዲያ ድምቢጥ የምላሷን ጫፍ አውጥታ ትጽፋለች። ስታስብ ጣራ ታያለች፣ ስታገኘው ትከሻዋ ይወርዳል። እዚያ ቁጥር የተለጠፈበት ወንበር ስለሌለ ሁሉም ቁጥራቸውን በቃላቸው ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እንደ እውነተኛ ፈተና አሥር ደቂቃ ቀራችሁ አለቻቸው። ድምቢጥ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሰጠችው፤ ሁለቴ ከልሳ፣ የወረቀቱን ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥማ።

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቶቹን በካርቶን ሰጠኝና ከቆሻሻው ጋር አቃጥያቸው አለኝ። አሥራ አንዱን አቃጠልኩ። የድምቢጥን ይዤ ወደ ሒሳብ አስተማሪዋ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዮቹን ታስተምር የነበረችው እሷ ነበረች፣ ወደ ቢጫዎቹ ዙሪ ተብላ እስክትዞር። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጥኩና እረሚልኝ አልኳት። የማን እንደሆነ ከአጻጻፉ አወቀች። ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ አሥር ጥያቄ ነበረው። እኔ ማንበብ ይቸግረኛል እንጂ የራይትና የኤክስ ምልክት እለያለሁ፤ ስድስት ራይት ቆጠርኩ። ለማለፍ ስንት ያስፈልጋል አልኳት። «ከአሥር አምስት» አለች። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠችና ብዙ ቆየች። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

«ቀሪውን አላርምም፣ እትዬ» አለችኝ። «ማወቅ አልፈልግም።»

እኔ ግን እፈልግ ነበር። አልለመንኳትም። ወረቀቱን አጥፌ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የበረኪናው ካርቶን ሥር ደበቅሁት።

ማታ ቤት ስገባ ሽርጤን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። እህቴ ከእኔ ቀድማ ገብታለች፣ ይህ በዓመት አንዴ አይሆንም፤ አለቃዋን አስፈቅዳ አንድ ሰዓት ቀድማ ወጥታለች። እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ድምቢጥ ፊት ለፊቷ ቆማ ስለ ፈተናው ታወራለች፤ ስለ ሁለቱ ያልገቧት ጥያቄዎች፣ አንዱን እንዴት ከኋላ ተነሥታ እንዳገኘችው፣ ቤተ መጻሕፍቱ እንዴት ጸጥ እንደሚል። እህቴ አንዴም አላቋረጠቻትም። እንዲህ ሁለቱ ሲነጋገሩ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ልጅቷ ስትጨርስ እህቴ እግሯን ከውሃው አውጥታ በፎጣ እያደረቀች፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ ተናገረች።

«ለአለቃዬ ያን ቦታ ለሌላ ሰው ብትሰጠው ይሻላል እላታለሁ ነገ።»

 የድምቢጥ ጆሮ ቀላ። እኔ ድስት ከፍቼ ገጠምኩ፤ ውስጡ ምን እንደነበረ አላየሁም። ፈተናው እኮ፣ ብዬ ጀመርኩ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ላይ የድካሟ ግማሽ የለም። ፈተናው ምን ሆነ አለችኝ። ረዥም ነበር አልኳት።

ከዚያ ድምቢጥ ከጆሮዋ ላይ አንዱን እርሳስ ነቀለችና ፍራሹ ላይ ወጥታ ከራስጌያችን በላይ ግድግዳው ላይ ቁጥሯን ጻፈች። ትልልቅ አድርጋ፣ እያደመቀች፣ ደጋግማ። ውጤቱ በወሩ በቁጥር ነው የሚለጠፈው፤ የፈተና ካርዱ ቢጠፋ እንኳ እንዳንረሳው አለች። እህቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችውና ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ነበር፤ የእናታችን ሳቅ ነው።

«አንቺ ደግሞ እጅሽ ያረፈበትን ሳትፈገፍጊ አትለቂም። ይቺን እንዳትነኪብን» አለችኝ።

አልነካትም አልኩ። እጄ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። የስሟ ወረቀት ሳሙናው ደርቆበት ጣቴ ላይ ተጣብቋል፤ በአውራ ጣቴ ልፍቀው ብሞክር አልለቅ አለኝ።